ጨው ወይስ ዝናብ

ገላን ባሕር የላትም።
አቧራ ነው ያላት፣ ክረምት ሲሆን ጭቃ፣
ከማለዳ እስከ ማታ የሚጫን፣ የሚራገፍ ዕቃ።
የእኔ እንጀራ ግን ከባሕር ነው፤
እርጥብ ነገር ፊት ተንበርክኬ
«ማነህ አንተ ውሃ?» ብዬ መጠየቅ ነው ሥራዬ።

የዛሬው ኮንቴይነር ሰማያዊ ነው፤ ጎኑ ላይ ዝገት አብቧል።
ማኅተሙ አልተነካም፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየሁት፣ ገጥሟል።
በሩ ሲከፈት የወጣው ሽታ
ጭድ ዝናብ መትቶት እንዳደረ ለታ።
ሃያ ሁለት ጥቅል ወረቀት፣ ደብተር ሊሆን የመጣ፣
የታችኛው ረድፍ ሁሉ እስከ ወገቡ ውሃ የጠጣ።

ከኋላዬ ሦስት ሰው ቆሟል።
ባለዕቃዋ ዘይነባ ሸረፋ፣
የመስከረምን ገበያ በጣቷ የምትቆጥር፣ የባንኩን ወለድ በሌሊት፤
ሾፌሩ ገመቹ፣ ከጅቡቲ ወዲህ ያልተኛ፤
እና የበሩ ዘበኛ
ኦቦ ደበሌ፣ መጋዘኑ ያረፈበት ማሳ የእሳቸው የነበረ፣
ካሳው መጥቶ፣ ካሳው አልቆ፣ ዱላቸው ብቻ የቀረ።

ቢል ኦፍ ሎዲንጉን ዘረጋሁ። «ንጹሕ» ይላል፤
ዛሬ ክርስትና እንደተነሣ ሕፃን።
ታዲያ ይህ ውሃ ከየት ገባ?

ዝናብ ከሆነ ጥፋቱ የመንገድ ነው፤
አዋሽ ላይ ጎርፍ ሰንጥቆ ያለፈው የገመቹ፣
የደሞዙ፣ የልጆቹ።
የብረቱ ላብ ከሆነ፣ ሌሊት በርዶ ቀን ያንጠባጠበው፣
የማንም አይደለም፤ «የዕቃው ጠባይ ነው» ይባልና ይታለፋል።
ጨው ከሆነ ግን ባሕር ነው፤
ባሕር ደግሞ በወረቀት ተዋውሏል።

ብልቃጤን አወጣሁ፦ ከብር የተቀመመ፣
ጣቶቼን ለዓመታት ያጠቆረ፣
ጨው ሲያገኝ ወተት የሚሆን፣ ዝናብ ሲያገኝ ዝም የሚል።
ዘይነባ ጥቅሉ ላይ አጎንብሳ ማልቀስ ጀመረች።
«ፈቀቅ ይበሉ» አልኋት፣ «እንባም ጨው ነው።
የእርስዎን ዓይን ከቀይ ባሕር የሚለይ
መሣሪያ የለኝም።»
ገመቹም ግንባሩን በክንዱ ጠርጎ ራቀ፤
ላቡ ሊመሰክርለት እንደሚችል፣ እንደማይፈቀድለትም አወቀ።

ጠብ።

ነጣ።
ከዘጠኝ መቶ ኪሎሜትር ማዶ ያለው ባሕር
ገላን ላይ፣ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ፣ ቃሉን ሰጠ።
ገመቹ «ያ ዋቃዮ!» ብሎ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

«እንግዲያ ይከፈለኛል?» አለች።
ፖሊሲውን ገለጥሁ። ደቃቅ ፊደል። ከጥግ «ሲ» የምትል ምልክት፤
አረቦኑ የረከሰ፣ ባንኩ ሲያጣድፋት የፈረመችበት፣
ደላላው «ሁሉም ያው ነው» ያላት።
«ሲ» የሚከፍለው መርከብ ሲሰጥም፣ ሲቃጠል፣ ከዓለት ሲላተም፣
ካፒቴኑ ጨንቆት ጭነት ወደ ማዕበል ሲወረውር ነው።
በበር ጎማ ስንጥቅ ሾልኮ፣ ድምፅ ሳያሰማ የገባ ውሃ
እዚያ ዝርዝር ውስጥ ስም የለውም።

ዝም አልሁ። ራሷ ሁለት ጊዜ አነበበችው።
«መርከቡ በሰላም መድረሱ ነዋ የጎዳኝ!»

ኦቦ ደበሌ ከበሩ ሳቁ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም።
«የእኔም ወረቀት እንዲሁ ነበር።
መሬቱን ጻፉ፣ ባሕር ዛፉን ቆጥረው ጻፉ፤
ምንጯን ስላቸው፣ ‹ለምንጭ ዓምድ የለንም› አሉኝ።»

«መርከቡ አለ» አልኋት።
«ንጹሕ ብሎ ተቀብሎ፣ ጨው አጠጥቶ ያስረከበ።
ክሱ አንድ ዓመት ይጠብቃል፤ ማስታወቂያው ግን ሦስት ቀን።
ዛሬ አንዱ ነው፤ ፀሐይዋም ዘቅዝቃለች።»

ቢሮው መብራት የለውም።
ከተጎዳው ጥቅል፣ ውሃው ከቆመበት ወሰን ላይ
አንድ ሉክ ቀደደች፤ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ
«ለመርከብ ድርጅቱ» ብላ ጀመረች።
እስክሪብቶው ደረቁ ላይ ቀጥ ብሎ ሄደ፤
እርጥቡ ላይ ሲደርስ ፊደሉ እግር አወጣ፣
ዋኘ።

«በሌላ ልገልብጠው?» አለችኝ።
«ተዪው» አልኋት፣ ገና አሁን አንቺ ብዬ።
«እዚያች የዋኘችው ጋ ፈርሚ።»